ስልሳ ኪሎ ወይስ ስም

አንድ ቀን፣ የእህል መጋዘን ኩሊ ሆኜ ሁለተኛ ዓመቴን ስደፍን፣ ከአህያ ጋር ተወዳደርኩና ተሸነፍኩ።

አሠሪዬ ጋሽ ዘርጋው አራት አህዮች ነበሯቸው፤ ቦራ፣ ዳማ፣ ሸጋው እና አለኝታ። እነሱን በየስማቸው ነው የሚጠሯቸው። እኔን «አንተ አህያ» ይሉኛል። ይርዳው እንደምባል ሲቀጥሩኝ ነግሬያቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን አላነሳነውም።

ከመኪና ወደ መጋዘን መቶ ኪሎ፣ ከመጋዘን ወደ ወፍጮ ቤት መቶ ኪሎ። በዚያ ሳምንት ጉልበቴ ሁለት ጊዜ ከድቶኛል። ለማንም አልተናገርኩም። ጉልበቱን ያመመው ኩሊ በማግስቱ በሌላ ይተካል።

ጠዋት ላይ ወይዘሪት ፌቨን የምትባል የሕግ ተመራማሪ ሚዛንና ወረቀት ይዛ መጣች።

«ስለ ጭነት እንስሳት ሕግ እያጠናሁ ነው» አለች።

«ጠይቂኝ ልጄ!» አሉ ጋሽ ዘርጋው። «የሚበሉትን ልንገርሽ፣ የሚጠጡትን ልንገርሽ።»

«ባለቤቱን ብቻ ጠይቆ መጻፍ ድሮ ቀረ፣ ጋሼ። አሁን ጭነቱን እንመዝናለን፣ ጀርባቸውን እናያለን፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን እንታዘባለን። በሌላው ዓለም እንስሳን እንደ ዕቃ ማየት እየቀረ ነው። ባለመብት ሊሆን ነው።»

«አህያ? ባለመብት?»

«እኛ ባረቀቅነው ሐሳብ አንድ አህያ ከስልሳ ኪሎ በላይ አይሸከምም። በየምልልሱም ያርፋል።»

ኩንታሉን ሳላወርድ ቆሜ ሰማሁ። በሕይወቴ የቀናሁት በሁለት ነገር ነው። አንደኛውን አልናገርም። ሁለተኛው አህያ ነው።

ከዚያ አህዮቹን መቁጠር ጀመረች።

«ትናንት በስልክ አራት ናቸው ብለውኝ ነበር። የማየው ሦስት ነው። አራተኛው አህያስ?»

አለኝታ ጀርባዋ ቆስሎ ነበር። ማለዳ ጓሮ አስደብቀዋታል፤ ጎትቼ የወሰድኳት እኔው ነኝ። ጋሽ ዘርጋው ላባቸውን ጠረጉና እንዳስተባብልላቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ አህያ!»

«አቤት!» አልኩ።

ብልጠት አልነበረም። ልማድ ነው።

ወይዘሪት ፌቨን ቀና አለች። እኔን አየች፣ ኩንታሉን አየች፣ ሚዛኗን አየች።

«አራተኛው ይሄ ነው?»

«ኧረ በማርያም! እሱማ ሰው ነው!»

«አህያ ብለው ጠሩት፤ እሱም አቤት አለ። እኔ የምጽፈው ያየሁትንና የሰማሁትን ነው።»

«አንተ! ምን ይዘጋሃል? ምን እንደሆንክ ንገራት እንጂ!» ብለው ጮኹብኝ።

ሁለት ዓመት የዋጥኩት በዚያች ሰዓት አፌ ላይ መጣ።

«ጋሼ፣ አህያ ነው ካሉ የምሸከመው ስልሳ ኪሎ ነው፤ ሰው ነው ካሉ ደግሞ ስም አለኝ። የቀለለዎትን ይምረጡ።»

ግቢው በሙሉ ሳቀ። ያን ቀን እዚያ የነበሩ ሰዎች ዛሬም ሲያገኙኝ «አፍህ እኮ ምላጭ ነበር» ይሉኛል። ቀጥሎ የሆነውን ማንም አይጠይቀኝም።

አለኝታ ከጓሮ ወጣች፤ ቁስሏ እስኪድን ዕረፍት ተሰጣት። ለእኔ ጋሽ ዘርጋው የቀለላቸውን መረጡልኝ። ከማግስቱ ጀምሮ «ና እስቲ ይርዳው» እያሉ መቶ ኪሎዬን ያሸክሙኝ ጀመር።