የኡመሬ ፔጆና የኒሙ ጥላ

ጆሮ ያላችሁ ተጠጉ፤ ጥላ ያላችሁ ደግሞ ትንሽ ቦታ ልቀቁልን።

በድሬዳዋ ጋሽ ወርዶፋ የሚባሉ ባለታክሲ ነበሩ። አንዲት አሮጌ ፔጆ ይነዳሉ፤ የራሳቸው ግን አይደለችም፣ የአደራ ናት። ወዳጃቸው ኡመሬ ሊሞት ሲል እጃቸውን ይዞ፣ «ልጄ ፈርዶሳ እስክትደርስ ያዝልኝ፤ ያን ጊዜ እንዳለች ስጣት» ብሏቸው ነበር። አሁን ፈርዶሳ አድጋ መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። በሳምንቱ መኪናዋን ልትረከብ ከጅግጅጋ ትመጣለች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጋሽ ወርዶፋ ዳሽቦርዱን ሲወለውሉ ከመሪው አጠገብ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አዩ። ልባቸው ድንግጥ አለ። የፀሐይ ሥራ ናት፤ ጥላ ካልተገኘ ዳሽቦርዱን ከዳር እስከ ዳር ልትከፍለው ነው። ጋሽ ወርዶፋ የፈለጉት እንግዲህ ትንሽ ጥላ ብቻ ነው።

የሰፈሩ ጥላ የኒሙ ዛፍ ነው። ከኒሙ ሥር ግን የውሃ ሻጩ የሙሜ አህያ ተጋድማለች።

«ሙሜ፣ አህያህን አስነሣልኝ። ጥላው አይለቀቅ፣ ፔጆዋ ልትሰነጠቅ ነው።»

«እኔ ምን ላድርግ ጋሼ? ውሃ ካልጠጣች አትነሣም። ቦኖው ደግሞ ተዘግቷል።»

አህያዋ ስሟ ሲነሣ አንድ ጆሮዋን ቀና አድርጋ መልሳ ጣለችው።

ጋሽ ወርዶፋ ቦኖ ጠባቂዋ ዘይቱና ዘንድ ሄዱ። «ዘይቱና፣ እባክሽ ክፈቺው። ቦኖው አያጠጣ፣ አህያዋ አትነሣ፣ ጥላው አይለቀቅ፣ ፔጆዋ ልትሰነጠቅ ነው።»

«የቧንቧው ማሸጊያ ጎማ፣ ጎሚኒው፣ አልቋል እኮ። ብከፍተው ውሃው መንገድ ላይ ፈስሶ ይቀራል። ተካልኝ መጥቶ ይቀይረው።»

ቧንቧ ሠራተኛው ተካልኝ ሽርጥ አገልድሞ ደጁ ላይ ተቀምጧል። «ተካልኝ፣ ተነሥ። አንተ አትወጣ፣ ቦኖው አያጠጣ፣ አህያዋ አትነሣ፣ ጥላው አይለቀቅ፣ ፔጆዋ ልትሰነጠቅ ነው።»

«በምን ሱሪ ልውጣ ጋሼ? ትናንት ቁጢጥ ስል ከኋላ ተተረተረ፤ አቶ ጣሃ ዘንድ ነው። ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው በተሰለፉበት፣ በሽርጥ ቁጢጥ በል ነው የሚሉኝ?»

ጋሽ ወርዶፋ ነገሩን አሰቡት፤ ካሰቡት በኋላም አላስገደዱትም።

ልብስ ሰፊው አቶ ጣሃ ሱሪውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው መርፌውን ወደ ፀሐይ አንጋጠው ይዘዋል። «ጣሃ፣ ምን ሆነህ ነው? ሱሪው አይሰፋ፣ ተካልኝ አይወጣ፣ ቦኖው አያጠጣ፣ አህያዋ አትነሣ፣ ጥላው አይለቀቅ፣ ፔጆዋ ልትሰነጠቅ ነው።»

«መርፌውን አየዋለሁ፣ ቀዳዳውን ግን አላየውም። መነጽሬን ሳቢያን ሰፈር ልጄ ቤት ረሳሁት። በዚህ ጉልበቴ አልሄድ፤ ባለባጃጆቹም ጫት ሊቅሙ በርጫ ገብተዋል። በል፣ አንተ አድርሰኝ።»

ጋሽ ወርዶፋ ሽቅብ አዩ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። «በዚህ ቀትርማ ፔጆዋን አላወጣትም። ዳሽቦርዷ ያልቅልኛል።»

እንግዲህ ፍረዱ። ፔጆዋ አትነዳ፣ መነጽሩ አይመጣ፣ ሱሪው አይሰፋ፣ ተካልኝ አይወጣ፣ ቦኖው አያጠጣ፣ አህያዋ አትነሣ፣ ጥላው አይለቀቅ፣ ፔጆዋ ልትሰነጠቅ። ጋሽ ወርዶፋ ጭራዋን ለመያዝ የምትሽከረከር ድመት ሆነው አረፉት።

አቶ ጣሃ መርፌውን ቁጭ አደረጉ። «ወርዶፋ፣ ኡመሬ በቀትር ይጭነን ነበር። ሌላው ሹፌር ሁሉ ሲተኛ፣ ሚስቴን ምጥ ሲይዛት በዚችው ፔጆ ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነው። እንዳለች ስጣት ያለህ ቆማ የምትውል መኪና ይመስልሃል?»

ጋሽ ወርዶፋ አፈሩ። ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። «ግባ» አሉ።

ከዚያማ ማን ያቆመው? ፔጆዋ ድልድዩን ተሻግራ ሳቢያን ደርሳ ተመለሰች፣ መነጽሩ መጣ፣ ሱሪው ተሰፋ፣ ተካልኝ ወጣ፣ ቦኖው አጠጣ፣ አህያዋ ተነሣች፣ ጥላው ተለቀቀ፣ ፔጆዋም ከኒሙ ሥር ገብታ አረፈች። አቶ ጣሃ ደግሞ በመንገድ ላይ በመነጽራቸው መጀመሪያ ያዩት ያችን ስንጥቅ ነበርና፣ ከተራረፈ ወፍራም ጨርቅ ለዳሽቦርዱ ልብስ ሰፉለት፤ ዳር ዳሩን ዘርፍ አደረጉበት።

ፈርዶሳ በሳምንቱ ቀትር ላይ ደረሰች። የዳሽቦርዱን ልብስ ገለጥ አድርጋ ስንጥቋን በጣቷ ዳሰሰቻት።

«ይቺ ምንድን ናት ጋሼ?»

«ስንጥቅ ናት ልጄ። እንዳለች ላስረክብሽ አልቻልኩም። በቀትርም ሰው ጭኜባታለሁ።»

ፈርዶሳ ልብሱን መልሳ አለበሰችው። «አባቴም ይጭን ነበር» አለች፤ መሪውን ስትይዝ ዓይኗ እንባ ሞላ። ለጋሽ ወርዶፋም የአደራው ሸክም ያን ጊዜ ቀለላቸው።

መንገዱ ዳር ልጅ ያዘለች ሴት ፀሐይ ላይ ቆማ ወደ ሳቢያን የሚሄድ መኪና ትጠብቃለች። ፈርዶሳ ፔጆዋን ከጥላው አውጥታ በሩን ከፈተችላት። የሙሜ አህያም ጥላው ባዶ መሆኑን ስታይ መጥታ ተጋደመች።