የሺህ ዘጠኝ ሰዎች ገበታ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሀብታም ነው። የአባቱን ተዝካር ደገሰ።

ያነሣኸውን ጥያቄ አልረሳሁም፣ ልጄ። «የትም ብገባ ተርፌ የምቀረው እኔ ነኝ፤ ምን ጎድሎኝ ነው?» ብለኸኛል። መልሱ ያለው ከዚህ ድግስ ላይ ነው።

በዚያ አገር የተዝካር ገበታ ሁሉ እኩል ሰው ይቀመጥበታል። አንዱ ገበታ ስድስት፣ ሌላው ሰባት ሰው ከያዘ፣ ሟቹ ሰውን አበላልጦ እንደ ሄደ ይቆጠራል። ለብቻ መብላትም ነውር ነው፤ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እንዲሉ። ስለዚህ ሀብታሙ፣ ራሱ ቆሞ የሚያስተናግድ ነውና፣ የሚቀመጡትን በር ላይ አስቆጠረ። ሺህ ዘጠኝ ሆኑ።

አጋፋሪው ስድስት ስድስት አድርጎ አስቀመጣቸው። ዳሱ ሞላ፤ አንድ ሸማኔ ቆሞ ቀረ።

«ድሮስ እሱን ማን ጠራው?» አለ አንዱ ከተቀመጠበት። የሳቁም ነበሩ።

አጋፋሪው ግን ልማዱን ፈራ። ሁሉንም አስወጥቶ ሰባት ሰባት አደረጋቸው። ሸማኔው ቦታ አገኘ፤ አንዲት መበለት ቆማ ቀረች። «አርፍዳ መጥታ ነው» አሉ። አላረፈደችም። እንደገና አስወጥቶ ስምንት ስምንት ሲያደርጋቸው አንድ ወታደር ተረፈ። «ቁጡ ነው፤ ከሰው አይስማማም» አሉ። ለቀረው ሁሉ ምክንያት አልታጣለትም።

ወጡ ቀዘቀዘ። ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው ሲቀመጡ ቆሞ የቀረው የሀብታሙ ታናሽ ወንድም ነበረ። በገዛ አባቱ ተዝካር ቦታ አጣ። አሁን ምክንያት የሚሰጥ አልተገኘም። ሰው ሁሉ ወደ ገበታው አቀረቀረ፤ ሀብታሙም ፊቱን ወደ ደጅ መለሰ።

ሸማኔው ተነሥቶ ሄደና ከወንድምየው አጠገብ ቆመ።

«አንተ ሰውዬ፣ ገበታውን አጎደልከው እኮ» አለ አጋፋሪው።

«ይጉደላ። እሳቸው የቆሙበትን ቦታ አውቀዋለሁ፤ ብርድ አለው።»

ሁለቱ መሬት ላይ ተቀምጠው ከአንድ ሳህን በሉ። ሌሎቹም በየገበታቸው በሉ። ሦስተኛ ሆኖ የመጣ አልነበረም፤ መበለቲቱም ወታደሩም ከተቀመጡበት አልተነሡም።

አሁን ቁጥሩን ተመልከተው። ሺህ ዘጠኝን ለስድስት ብታካፍለው አንድ ይተርፋል። ለሰባት፣ ለስምንት፣ ለዘጠኝም ያው አንድ ነው። ለአምስት ብታካፍለው ደግሞ አራት ይተርፋል። ወይ ሁሉም በአንድ ገበታ፣ ወይ እያንዳንዱ ለብቻው፤ ከዚህ ሌላ እኩል አከፋፈል የለውም። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ማለቂያ የላቸውም። ሸማኔውን ያስቀረው ሸማኔነቱ አልነበረም፤ መበለቲቱንም ማርፈዷ አልነበረም። አጋፋሪው የማይከፈለውን ሲከፍል ዋለ፤ ሰዎቹ ደግሞ የቁጥሩን ጠባይ የቆመው ሰው ጥፋት አደረጉት።

ልጄ፣ አንተም እንዲሁ ነህ። ተርፈህ የቀረኸው ጎድሎህ አይደለም። ነገ አትቆምም ብዬ ግን አልዋሽህም፤ ቁጥሩ ያው ቁጥር ነው። በተቀመጥክበት ቀን ሌላ ሰው ቆሞ ካየህ፣ ምን አጥፍቶ ነው ብለህ አትጠይቅ። ገበታህን አጉድል።