በድንኳኑ ጥላ ውስጥ የቀረ ፊት

አንድ ሰው ነበረ። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ፎቶ ቤት ያለው፣ የሰው ሠርግ ሲያነሳ የኖረ ሰው። ላምቦሬ ይባላል። ወገቡን ያመዋል፤ ዓይኑም ደክሟል። የሰው ደስታ እንደሚያደክም ታውቃላችሁ? እሱ ያውቀዋል። ቅዳሜና እሁድ የሌላውን ደስታ ያነሳል፤ በቀረው ቀን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሌላውን ደስታ ያሳምራል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጥቁር የለበሰች ወጣት ወደ ፎቶ ቤቱ ገባች። መሠረት ናት። ሠርጓን ያነሳላት እሱ ነው። ወንበር ሰጣት። አባቷ አቶ ሄራሞ እንዳረፉ፣ በሠርጓ ቀን ከእሳቸው ጋር የተነሳችው አንድ ፎቶ እንኳ በእጇ እንደሌለ ነገረችው።

ለምን አልኖራትም? አባትየው ያን ጋብቻ አልፈቀዱም ነበር። ሽማግሌ ቢላክባቸውም እሺ አላሉም። በሠርጉ ቀን ግን መጡ። መጡና ከድንኳኑ ዳር ቆሙ። እህል አልቀመሱም፣ አፍ አውጥተው አልመረቁም፤ ሳይሰናበቱም ሄዱ። መሠረት፣ «አባዬ የመጣው ሊታዘበኝ ነው» ብላ በልቧ ያዘች። ከዚያ ወዲህ ወደ አባቷ ቤት እግሯን አላነሳችም። የደረሰችው ለቀብሩ ነው።

«ጋሼ ላምቦሬ፣ ተቆጥቶም ቢሆን ፊቱን ልየው» አለችው።

ላምቦሬ የድሮ ፋይሎቹን ሲያገላብጥ አገኘው። መሠረት ከፊት ቆማ ትስቃለች። ከኋላዋ በድንኳኑ ጥላ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል፤ ከጀርባቸው የቀትር ፀሐይ ነው። ፊታቸው ጥቁር ብቻ። ያኔ «ተበላሽቷል» ብሎ ከአልበሙ ያስቀረው ፎቶ ነበር።

ፎቶ አንሺዎች ሮው የሚሉት ፋይል አለ፤ ጥሬው ማለት ነው። ካሜራው ያገኘውን ብርሃን ሳያሳምር እንዳለ ይይዝበታል። ጥሬ ስለሆነ የሚያነበው ሶፍትዌር ይፈልጋል፤ አንዱ ሶፍትዌር እንደሚያነበው ደግሞ ሌላው አያነበውም። ላምቦሬ በለመደው ከፈተው። ጥላውን ሊያነሳ ሞከረ። ጨለማው ግራጫ ሆነ፤ ፊቱ ላይ አሸዋ የተበተነ መሰለ። ደግሞ ሞከረ። ሰለቸው።

«የለም መሠረት፤ ብርሃን አልገባበትም» አላት።

ልጅቱ ቦርሳዋን አነሳች።

የላምቦሬ ባለቤት ዘነበች እዚያው ክፍል ውስጥ በሌላ ኮምፒውተር ትሠራ ነበር። የእሷ ሶፍትዌር ሌላ ነው። ላምቦሬ፣ ከእንግዲህ አዲስ ነገር ለመማር አቅም የለኝም እያለ ዞር ብሎ አያየውም። ዘነበች መሠረትን ጥቂት እንድትቆይ ለመነቻትና ያንኑ ፋይል በራሷ ሶፍትዌር ከፈተችው። ሌላ ፎቶ አይደለም። ያንኑ! ያኛው ሶፍትዌር አሸዋውን ከሰው ቆዳ መለየት ይችላል። ቀስ እያለች ብርሃኑን ከፍ አደረገችው። ግንባር ታየ። ጉንጭ ታየ።

አቶ ሄራሞ እያለቀሱ ነበር። ዓይናቸው ልጃቸው ላይ ነው። ቀኝ እጃቸው ለምርቃት እንደሚነሳ ሆኖ፣ ደረታቸው ጋ ሲደርስ ቀርቷል።

መሠረት ወደ ማያ ገጹ ተጠጋች። ከዚያ ወደ ዘነበች ዞራ፣ «ጨምረሽበት ነው?» ስትል ጠየቀቻት።

«ምንም አልጨመርኩም፤ እዚሁ ውስጥ ነበር።»

መሠረት ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ተቀመጠች። በቀብሩ ቀን ያልወጣላት እንባ አሁን ወጣላት። ላምቦሬም ከወንበሩ አልተነሳም። ስንቱን «ተበላሽቷል» ብሎ እንዳጠፋ እያሰበ፣ ማያ ገጹን ማየት አቃተው።

ወገኖቼ፣ ፋይሉ አልተለወጠም። አባትየው በአልበሙ ውስጥ ባይኖሩም ያን ቀን አልቅሰዋል። ታዲያ ፊታቸውን የደበቀው ምንድን ነው? ጨለማው ብቻ ነው? ወይስ የተከፈተበት መንገድም አለበት?

እናንተስ ሰውን በምን ትከፍቱታላችሁ? ባልሽ ዝም ብሎ ሲገባ በምን ከፈትሽው? በትናንቱ ጠብ ነው? ወንድምህ ከለቅሶህ ሲቀር በምን ከፈትከው? ምን አጋጥሞት እንደቀረ ጠይቀኸዋል?

በጨለማ ሁሉ ውስጥ ፊት አለ አልላችሁም። ብርሃን ጭራሽ ያልገባበት ፎቶም አለ፤ የሚደበድብሽን ሰው አባብለሽ አንብቢው አልልም። ግን ስንቱን ነው አንዴ ብቻ ከፍተን «የለም» ያልነው?

እንደደከማችሁ አውቃለሁ። ከሥራ ስትገቡ ለሰው የሚተርፍ ዓይን የላችሁም። የደከመ ሰው እጁ የሚሄደው ወደ ለመደው ነው። ላምቦሬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደክሞት ነው። ድካም ግን ልጅና አባትን ለያይቶ ማስቀረት ይችላል። እግዚአብሔር እኛን ሲያየን ደክሞት «የለም» ቢል ኖሮ፣ ማናችን እዚህ እንቀመጥ ነበር?

መሠረት ፎቶውን አገኘች። አባቷን አላገኘችም። የእናንተ ሰው ግን ምናልባት አሁንም በሕይወት አለ። ደክሟችሁም ቢሆን፣ ዛሬ ሂዱና ፊቱን እዩት።