አፈር ተሸክመው የመሰከሩት ሼህ

በሁለት ሱልጣኖች ግዛት ድንበር አጠገብ፣ ለአንደኛው ሱልጣን በምትገብር አንዲት ጥንታዊ ከተማ ሼህ ሙዘይን የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ሀብታቸው በወንዙ መሻገሪያ አጠገብ ያለች የሎሚ አትክልት ብቻ ናት። እሳቸውና ባለቤታቸው ሸምሲያ የሚያድሩት በእሷ ነው።

ሱልጣኖቹ ለዓመታት ተዋግተው የጨውና የቡና ነጋዴው መንገድ ተዘጋ። ሁለቱም ሲደክማቸው እርቅ አወረዱ። በውላቸው መሠረት ድንበሩ በአባቶች ዘመን በነበረበት ይጸናል፤ መሻገሪያው የደረሰው ወገንም የሲራራ ነጋዴውን ቀረጥ ይሰበስባል። የድሮውን ወሰን የሚያውቅ ከሼህ ሙዘይን በቀር በሕይወት አልነበረም። የማዶው ሱልጣን ሰዎች ዲናቸውን አይተው አመኗቸው። የከተማዋ ወዚር ግን የተስማማው ወሰኑ ወደ ከተማዋ ከተጠጋ የሼሁም አትክልት አብሮ ወደ ማዶ እንደሚሄድ ስለሚያውቅ ነው። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ብሎ እፎይ አለ። ብልጥ ነኝ ባይ ሰውን ሁሉ በራሱ ቁና ይሰፍራል።

በዚያ አገር ወሰን የሚመሰክር ሰው ከዚያው መሬት ጓል አፈር አንስቶ በራሱ ላይ ተሸክሞ ይሄዳል፤ የረገጠበት ወሰን ይሆናል። ሼሁ ሱብሒ ሰግደው፣ «ቢስሚላህ» ብለው ጓሉን ጥምጣማቸው ላይ አኖሩ። የሁለቱም ወገን ሹማምንት ተከተሏቸው።

መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ዋርካ ሲደርሱ ቆሙ። በግራ ወንዙን ተከትለው ቢሄዱ አትክልቱም መሻገሪያውም ለከተማዋ ይተርፋል። የአባቶች ወሰን ግን በቀኝ ያለው የደረቀ ቦይ ነበር። ሎሚዎቹን በእጃቸው ነው የተከሏቸው።

ወዚሩ ጠጋ ብሎ፣ «ሼሃችን፣ በግራ ነው አይደል? እርጅና ያሳስታል እኮ» አላቸው።

«እርጅናስ አላሳተኝም፤ ልታሳስተኝ የቆመችው ነፍሲያዬ ናት» አሉና በቀኝ ታጠፉ። የገዛ አጥራቸውን ታከው አለፉ፤ ሎሚው ወደ ማዶ ቀረ።

የማዶው መልእክተኛ ልቡ ተነክቶ፣ «አትክልቱ የርስዎ ይሁን፤ ሱልጣናችን ይፈቅዳሉ» አላቸው።

«ያኔ ምስክርነቴን በሎሚ ሸጥኩት ማለት ነው» ብለው እምቢ አሉ።

ቤት ሲገቡ ሸምሲያ ከጥምጣማቸው ላይ አፈሩን እያራገፈች፣ «እንግዲህ በምን ልናድር ነው?» አለቻቸው።

«ሪዝቁ ከአላህ ነው። ይህች አንዲት ጓል አንገቴን አጎበጠችው፤ የሰው መሬት የወሰደ በቂያማ ቀን ሰባቱ ምድር አንገቱ ላይ ይጠለቅበታል ተብሏል፤ ያን እንዴት እችለዋለሁ?» አሉ።

ወገኖቼ፣ ቁርኣን በራሳችሁም ላይ ቢሆን ለአላህ ብላችሁ መስክሩ ይለናል። እኛ ግን «ለወገኔ ነው» እያልን ስንዋሽ ኃጢአቱ የሚቀልልን ይመስለናል። የሼሁ ምስክርነት ለነጋዴው መንገድ ከፈተለት፤ እሳቸውና ሸምሲያ ግን ያን ዓመት ተቸግረው ነው ያለፉት፤ ይህን አልደብቃችሁም። ሐቅን እወዳለሁ የሚል ሰው፣ እስከ ዛሬ ስለ ሐቅ ብሎ ምን እንዳጣ ራሱን ይጠይቅ።