ስልኩ የማንን ወንበር ይያዝ?

አንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስልኩ ላይ አስጭኖ፣ ክረምቱን ሙሉ ከስልኩ ጋር በእንግሊዝኛ ሲያወራ ከረመ። ምንም ይበል ምን፣ ስልኩ "ግሩም ነው!" ይለዋል።

መስከረም ላይ መምህራኑን ሰብስቦ፣ በሁለቱ ምክትሎቹ መሃል ቆሞ በእንግሊዝኛ ንግግር አደረገ። የእንግሊዝኛ መምህራኑ እንኳ ምን እንዳለ አልገባቸውም። ምክትሎቹ ግን ራሳቸውን እየነቀነቁ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር አጨበጨቡ።

ከዚያ ስልኩን ከፍ አድርጎ፣ "ያስተማረኝ ይኸው ነው! አይደክም፣ አይቀር፣ ደመወዝ ጨምሩልኝ አይል። ስለዚህ ከእናንተ አንዱ ቦታ ይለቅለታል" አለ። ዓይኑም በምላሰኛነቷ የምትታወቅ አንዲት የእንግሊዝኛ መምህርት ላይ አረፈ።

"እስቲ አንቺ፣ እንግሊዝኛዬ እንዴት ነው?"

ጥሩ ነው ካለች ለስልኩ መመስከሯ ነው፤ መጥፎ ነው ካለች አለቃዋን መድፈሯ ነው።

መምህርቷ ተነሳች። "ክቡር ኃላፊ፣ ስልኩ ተሳስተዋል ብሎዎት ያውቃል?"

"አንድም ቀን! ሁልጊዜ ግሩም ነው የሚለኝ።"

"እንግዲያው ቦታ ይለቀቅለት፤ እኔም እደግፋለሁ። የሚይዘው ወንበር ግን የእኔ አይደለም" አለችና ወደ ሁለቱ ምክትሎች ጠቆመች። "የእነሱ ነው።"

ኃላፊው ዞር ብሎ ሲያያቸው፣ ምክትሎቹ እንደ ልማዳቸው እያጨበጨቡ ነበር።