ግድግዳ የሌለው በር

ስሙኝ፤ ግን ዝም ብላችሁ አትስሙኝ። እኔ ስደጋግም እናንተም አብራችሁ ደጋግሙ። እኛ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስንደጋግመው የከረምነውን ነገር ለጥቂት ደቂቃ ብትሉት አይከብዳችሁም።

ወሎ ውስጥ ባለች አንዲት ከተማ የቴአትር ቡድን ነበረን። እኔ መብራት አበራለሁ። ተውኔቱን የጻፈችውም የምታዘጋጀውም ምንታምር ናት፤ ቀን ቀን አማርኛ የምታስተምር፣ ስትናደድ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግ ሴት። ድምፅዋ ጨርሶ ካልተሰማ ሰው ይሸሻል።

ተዋናያችን ጋሽ ድንበሩ ይባላል። ሠላሳ ዓመት መድረክ ላይ የኖረው አሽከር ሆኖ ነው። «ጌታዬ፣ እንግዳ መጥቷል» ይላል፣ በር ይከፍታል፣ ይወጣል። ሌላ ቃል ሰጥቶት የሚያውቅ የለም። ምንታምር ግን ለእሱ ብቻ ብላ አንድ ተውኔት ጻፈች። ወለፈንድ የሚሉት ዓይነት ነው፤ የማይሆን ነገር እንደ ደህና ነገር የሚሆንበት። ባዶው መድረክ መሐል አንድ በር ይቆማል፤ ግድግዳ የለውም። ሽማግሌ መጥቶ ያንኳኳል፤ «ግባ» እስኪሉት ይጠብቃል። በጎን ዞሮ ማለፍ ይችላል፤ አይዞርም። በሩ አልተቆለፈም፤ አይገፋውም። በሩን ሲያወራው፣ ሲቆጣው፣ ሲለምነው መብራቱ ይጠፋል። አለቀ።

ልምምዱን በጀመርን ሰሞን የጋሽ ድንበሩ ጉሮሮ ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ቀዶ ጥገናው ሁለት ሳምንት ቆይቶ ለማክሰኞ ተቀጠረ። «ከዚያ በኋላ ድምፅ ይኖረኛል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ሐኪሙ «እንሞክራለን» ብቻ አለው። ስለዚህ ተውኔቱ ከማክሰኞ በፊት ባለው እሑድ መታየት ነበረበት። የቀረን ነገር አንድ ብቻ ነው። በር። አንድ በር።

ምንታምር ወደ አናጺው ወደ ጋሽ እንድሪስ ሄደች። ብቻውን የሚቆም፣ እግር ያለው በር እንዲሠራልን ጠየቀችው።

«ግድግዳው የት ነው?» አላት።

«ግድግዳ የለውም።»

«ታዲያ በሩ ምን ያደርጋል፣ የኔ ልጅ?»

«ያስጠብቃል።»

ጋሽ እንድሪስ መጋዙን አስቀመጠ። «የእጄን በነፃ እሠራላችኋለሁ፤ ለድንበሩ ስል። ሳንቃ ግን የለኝም። ሳንቃ ካላየሁ በር አልሠራም።»

እንድሪስ ሳንቃ ካላየሁ በር አልሠራም አለ፤ እኛም ያለ በር ቀረን።

ሳንቃስ ነበረን። ባለፈው ዓመት የምንጫወትበት አዳራሽ መድረክ ሲታደስ የተረፈው ሳንቃ በአዳራሹ ግምጃ ቤት ተደርድሯል። ከመኪና አውርደን፣ በትከሻችን ተሸክመን እዚያ ያስገባነው እኛው ነን፤ እኔ እስካሁን የግራ ትከሻዬ ላይ ጠባሳው አለ። ምንታምር ወደ ንብረት ክፍል ኃላፊዋ ወደ ወይዘሮ ዘርፌ ሄደች። ወይዘሮ ዘርፌ ቁልፉን በወገቧ አስራ፣ ሳንቃው ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች።

«ይኸው የተቀመጡበት ነው፣ እትዬ ዘርፌ» አለቻት ምንታምር።

«አውቃለሁ፤ ይቆረቁረኛል። ግን ያለ ደብዳቤ ምስማር አላወጣም፤ ነገ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። ለመሆኑ በሩ ምንድን ነው ትርጉሙ? ሰዉ እኮ ይጠይቀኛል።»

ዘርፌ ደብዳቤ ካላየሁ ሳንቃ አልሰጥም አለች፤ እንድሪስ ሳንቃ ካላየሁ በር አልሠራም አለ፤ እኛም ያለ በር ቀረን።

ምንታምር ወደ ባህል ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወደ አቶ ፈንታሁን ሄደች። ሦስት ቀን ደጅ አስጠናት። በአራተኛው ቀን ገባች። አቶ ፈንታሁን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን መናገር አለብኝ፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ንዴታችን ማረፊያ ባገኘ ነበር። ፈሪ ነበር።

«ተውኔቱን አየሁት» አለ፤ ሦስት ገጽ ገልጦ ነበር። «ይህ በር የማን በር ነው? ነገ አንዱ ተነሥቶ የእገሌ ቢሮ በር ነው ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ትርጉሙን የሚገልጽ ጽሑፍ ያስፈልጋል። በገምጋሚ የተጻፈ።»

«እኔ ጸሐፊዋ ብጽፈውስ?»

«እርስዎማ ያው ባለጉዳይ ነዎት።»

ፈንታሁን ትርጉም ካላየሁ ደብዳቤ አልፈርምም አለ፤ ዘርፌ ደብዳቤ ካላየሁ ሳንቃ አልሰጥም አለች፤ እንድሪስ ሳንቃ ካላየሁ በር አልሠራም አለ፤ እኛም ያለ በር ቀረን።

የጽሕፈት ቤቱ ገምጋሚ መምህር ልሳነወርቅ ነው፤ ጡረታ የወጣ የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ፣ ምንታምርንም ያስተማረ። ቤቱ ድረስ ሄድን። ቀድመን የላክንለትን ተውኔት ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ በእርሳስ አስምሮበት ጠበቀን። ደስ አለን። ቸኩለን ነው ደስ ያለን።

«ግሩም ነው» አለ። «ግን የዚህ ዓይነቱ ተውኔት ወረቀት ላይ አይተረጎምም። ወረቀቱ ላይ አንድ ሰው አንድ በር ያንኳኳል፤ ይኸው ነው። ዝምታው ስንት ነው? ሰዉ የት ላይ ይስቃል፣ የት ላይ ሳቁን ያቆማል? እሱን ሳላይ ብጽፍ የምጽፈው ውሸት ነው። አሳዪኝና እጽፋለሁ።»

የሚያናድደው ደግሞ እውነቱን ነው። ምንታምር ራሷ ለእኛ ስትለን የኖረችው ይህንኑ ነበር። ከቤቱ ስንወጣ ድምፅዋ አይሰማም ነበር፤ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ልሳነወርቅ ተውኔት ካላየሁ ትርጉም አልጽፍም አለ፤ ፈንታሁን ትርጉም ካላየሁ ደብዳቤ አልፈርምም አለ፤ ዘርፌ ደብዳቤ ካላየሁ ሳንቃ አልሰጥም አለች፤ እንድሪስ ሳንቃ ካላየሁ በር አልሠራም አለ፤ እኛም ያለ በር ቀረን።

«እሺ፣ ያለ በር እናሳየው» አልን። ጋሽ ድንበሩ እየሰማ አንገቱ ላይ የጠመጠመውን ሻሽ አጠበቀ።

«ሠላሳ ዓመት ሌላው የሚገባበትን በር ስከፍት ኖርኩ» አለ። «አንድ ጊዜ የራሴን በር ላንኳኳ ነው። አየር እየደበደብኩ ሊቅ ፊት አልቆምም። የቀረኝ ድምፅ ጥቂት ነው፤ ለበር ነው ያስቀመጥኩት።»

ማን ይፈርድበታል? ምንታምር የምትኖርበትን ቤት በር ልትነቅል ተነሣች፤ አከራይዋ ማጠፊያው ላይ ተንጠልጥላ አስጣለቻት።

እንግዲህ አብራችሁ በሉ። ድንበሩ በር ካላየሁ አልጫወትም አለ፤ ልሳነወርቅ ተውኔት ካላየሁ ትርጉም አልጽፍም አለ፤ ፈንታሁን ትርጉም ካላየሁ ደብዳቤ አልፈርምም አለ፤ ዘርፌ ደብዳቤ ካላየሁ ሳንቃ አልሰጥም አለች፤ እንድሪስ ሳንቃ ካላየሁ በር አልሠራም አለ፤ እኛም ያለ በር ቀረን። ከእሑድ በፊት የቀረን ሦስት ቀን ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ምንታምር እንደገና ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። ጋሽ ድንበሩም እኔም ተከተልናት። ኮሪደሩ በባለጉዳይ ተሞልቷል፤ ለመቆም እንኳ መጠጋጋት ነበረብን። ከወንበሮቹ ባንዱ ላይ መምህር ልሳነወርቅ ተቀምጧል፤ የሌላ ሥራ ግምገማ ሊያስረክብ መጥቶ ሁለት ቀን ተመላልሷል። የአቶ ፈንታሁን በር ተዘግቷል።

«ስብሰባ ላይ ናቸው» አለች ጸሐፊዋ።

«ከማን ጋር?» አለች ምንታምር።

ጸሐፊዋ መዝገቧን ገለጠች። ከውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ሲያስል ይሰማል።

ምንታምር ወደ በሩ ተራመደች። ያን ጊዜ ልትጮህ ነው ብዬ ነበር፤ አሥር ዓመት ሳውቃት ለመጀመሪያ ጊዜ። ጋሽ ድንበሩ ግን ክንዷን ያዝ አደረገ። «ተይ፣ የኔ እመቤት» አላት። «ይኸው በር አይደለም እንዴ?»

ሻሹን ፈታ። በሩ ፊት ቆመ። ሦስት ጊዜ አንኳኳ።

«ቤቶች» አለ። «እኔ ነኝ። የጠራችሁኝ እኔ ነኝ።»

«አባባ፣ ተራዎትን ይጠብቁ» አለች ጸሐፊዋ።

«እየጠበቅሁ ነው» አለ፤ ለእሷ ሳይሆን ለበሩ። «ወንድሜ በር፣ ስመጣ ጥቁር ጠጉር ነበረኝ። ጠጉሩን ቆጥረህ ተረክበኸኛል? ነገ ደግሞ ጥቁር አልነበረህም ትለኝ ይሆናል።»

መሬት ልታስመዘግብ መጥታ ክፍሉን የተሳሳተች አንዲት ሴት ሳቀች። አጠገቧ ያለውም ሳቀ። ጋሽ ድንበሩ ጫማውን በሱሪው ወለወለ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ እንደገና አንኳኳ፣ ጆሮውን ለጠፈ። ኮሪደሩ በሙሉ ሳቀ። ቀጥሎ በሩን ተቆጣው። ቀጥሎ ይቅርታ ጠየቀው። «ድምፄ ከፍ ብሎብህ ከሆነ ማረኝ፤ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ከፈለግህ ጨርሶ እተወዋለሁ» ሲል ድምፁ እውነትም ተሰነጠቀ። ሳቁ መቼ እንደቆመ አላወቅሁም። ሴትዮዋ የያዘችውን ወረቀት ደረቷ ላይ አጣብቃ ነበር። መምህር ልሳነወርቅ እርሳሱን አወጣ።

በሩ ተከፈተ። አቶ ፈንታሁን ብቻውን ቆሟል። «ማን ነው?» አለ።

ጋሽ ድንበሩ አልገባም። ኮፍያውን አውልቆ ጠበቀ። አቶ ፈንታሁን እሱን አየ፣ ከእሱ ጀርባ ያሉትን ዓይኖች አየ፤ ከዓይኖቹ አንዱም አልተሰበረም። ፊቱ ቀላ።

«ምንድን ነው ትርጉሙ?» አለ ቀስ ብሎ።

መምህር ልሳነወርቅ በጉልበቱ ላይ የጻፈውን አነበበለት። «በዚህ ኮሪደር ያለ ሰው ሁሉ ይህ ሽማግሌ ይገባል ወይስ አይገባም ብሎ የመጣበትን ጉዳይ ረስቷል። ከዚህ የተሻለ ትርጉም የለኝም።»

ያን ጊዜ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ድንበሩ በር አየና ተጫወተ፤ ልሳነወርቅ ተውኔት አየና ትርጉም ጻፈ፤ ፈንታሁን ትርጉም አየና እዚያው በቁሙ ደብዳቤ ፈረመ፤ ዘርፌ ደብዳቤ አየችና ከሳንቃው ላይ ተነሣች፤ እንድሪስ ሳንቃ አየና ዓርብ እና ቅዳሜ ሲልግ ሲቸነክር ዋለ፤ እኛም በር አገኘን።

እሑድ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ ሞላ። በሩ መድረኩ መሐል ቆሟል፤ ጋሽ እንድሪስ ሳይጠየቅ ደፍ ጨምሮለታል። ጋሽ ድንበሩ አንድ ሰዓት ሙሉ አንኳኳ። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ድምፁ እየደከመ ሄደ፤ ልመናውን ሊጨርስ ሁለት መስመር ቀረው። እጄን የመብራቱ ማጥፊያ ላይ አደረግሁ።

በዚህ መሐል ከሦስተኛው ረድፍ ወይዘሮ ዘርፌ ተነሥታ ቆመች። ተናዳለች፤ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል። «ኧረ ይግቡ፣ ጋሽ ድንበሩ» አለች። «ማን ነው የከለከለዎት? ይግቡ።»

ይህ በተውኔቱ ውስጥ የለም። ጋሽ ድንበሩ ዞሮ መጋረጃው ጎን ወደቆመችው ወደ ምንታምር አየ። የጻፈችው መጨረሻ ሊበላሽ ነው፤ ግንባሯ ሲቋጠር አየሁት። ከዚያ ተፈታ። ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

እሱም እጀታውን ያዘ። በሩን ከፈተው፣ ደፉን ተሻገረ፣ ቀስ ብሎ ከኋላው ዘጋው። ወዲያ ማዶ ቆሞ እያየነው፣ ግድግዳ እንደሌለ እያየን፣ ገብቷል። መብራቱን ማጥፋት ነበረብኝ፤ አላጠፋሁም። ከዚያ በሩን በጥቂቱ ከፈተና አንገቱን አውጥቶ፣ አዳራሹ ዳር ድረስ በሚሰማ ድምፅ ጠየቀ።

«ውጭ የቀረ ሰው አለ?»

ማክሰኞ ዕለት ዕጢውን አወጡለት። ዳነ፤ ድምፁ ግን ከሹክሹክታ አልፎ አያውቅም። በሙሉ ድምፁ የተናገራት የመጨረሻ ቃል ያቺ ነች።

እኔ ጨርሻለሁ፤ እንግዲህ እናንተ ተናገሩ።