ምሳ ላይ የተወሰነው ድልድይ

አንድ ጓንጉል የሚባል ደግ ግን ችኩል ሹም ነበር። ከተማውን በየክረምቱ ከገበያው የሚያቆራርጠው ወንዝ ላይ ድልድይ ማሠራት የዘወትር ሕልሙ ነው። ዘንድሮም ዝናቡ ሳይገባ ሥራው ካልተጀመረ፣ ሰዉ ሌላ ክረምት ሙሉ ማዶ ማዶውን እያየ መቀመጡ ነው።

የከተማው ሕግ ግልጽ ነበር፤ የሕዝብ ጉዳይ የሚመከረው ቀኑ አስቀድሞ በነጋሪት ተነግሮ፣ በሾላው ሥር፣ መስማት የፈለገ ሁሉ እየሰማ ነው። ጓንጉል ሕጉን ባይጠላም ጭቅጭቁን አይወድም። በተለይ እትዬ አስካለ የሚባሉት ባልቴት "ለምን?" ማለት ከጀመሩ ጀምበሯ ሳትጠልቅ መነሳት የለም። እናም አንድ ዘዴ መጣለት። አማካሪዎቹን ቤቱ ምሳ ጋበዘና በሩን ዘጋ።

"ይኼ ስብሰባ አይደለም፤ ምሳ ነው" አላቸው እየሳቀ።

እየበሉ ተከራከሩ፣ እየጠጡ ተስማሙ። ድልድዩ በታችኛው መሻገሪያ ላይ እንዲሠራ ወሰኑ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ውሳኔ ነበር፤ ወንዙ እዚያ ጠበብ ይላል፣ ዳርና ዳሩም አለት ነው። በማግስቱ ጓንጉል ሾላው ሥር ቆሞ ውሳኔውን በአንድ ትንፋሽ ተናገረ፤ ድንጋይ የሚያመላልስ ደቦ ለቅዳሜ ጠራና ወደ ቤቱ ገባ።

ሹሙ ሲገባ ወሬው ወጣ። አንዱ "እዚያ አካባቢ ለራሱ መሬት ሊይዝ ነው" አለ። ሌላው "በድልድዩ ለሚያልፍ ቀረጥ ሊጥልብን ነው" አለ። በሩ የተዘጋው የሹሙን ልጅ ለመዳር ነው ያለም አልጠፋም፤ ምስኪኗ ልጅ ጠያቂ ሳይመጣላት "እንኳን ደስ ያለሽ" ስትባል ሰነበተች።

ቅዳሜ ወንዙ ዳር የተገኙት አማካሪዎቹና የሹሙ በቅሎ ብቻ ነበሩ። ጓንጉል ልቡ ተሰብሮ ቁጭ ብሎ ሳለ እትዬ አስካለ ውኃ ሊቀዱ መጡ።

"እትዬ፣ ለእናንተው ብዬ በደከምኩ ምነው ፊታችሁን አዞራችሁብኝ?"

"እስቲ ይንገሩኝ፣ እዚህ እንዲሠራ የመረጣችሁት ለምንድን ነው?"

ጓንጉል ስለ ጥበቱም ስለ አለቱም አስረዳቸው።

"ደህና አስባችኋል። ታዲያ ይኼን ሾላው ሥር ለምን አልተነጋገራችሁበትም?"

"ምሳ ላይ ነበርን እኮ።"

"የከተማው ጉዳይ ከተመከረበት ወጥ ቢቀርብም ስብሰባ ነው" አሉ እትዬ አስካለ። "የወሰናችሁትን ሰምተናል፤ ስትወስኑ ግን አልሰማናችሁም። ሰው ደግሞ ያልሰማውን በራሱ ግምት ይሞላዋል።"

ጓንጉል አፈረ። ወዲያው ነጋሪት አስጎሰመና በቀጠሮው ቀን ነገሩን ከሥሩ ጀመረው። ሕዝቡ ጠየቀ፣ ተከራከረ፣ ሳቀ። ሱቁ በላይኛው መሻገሪያ አጠገብ የሆነው፣ ቢተው የሚባል ጨው ነጋዴ፣ "ድልድዩ እኔ ደጅ ካልሆነ" ብሎ ድምፁ እስኪሰልል ተሟገተ። እትዬ አስካለም እንደ ልማዳቸው "ለምን?" አሉ። ጓንጉል ላብ በላብ ሆኖ ሲመልስ ቆየና በመጨረሻ ጨዋታው ራሱ ደስ ይለው ጀመር። ውሳኔው ያው የፊተኛው ሆነ፤ ታችኛው መሻገሪያ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወንዙ ዳር ዘፈንና እልልታ ሆነ። ከሁሉ ቀድሞ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣው ቢተው ነበር። ጓንጉል ዓይኑን ማመን አቅቶት፣

"ቢተው፣ አንተ እኮ ተቃውመህ ነበር" አለው።

"አሁንም አልተስማማሁም" አለ ቢተው ድንጋዩን እያወረደ። "ግን ተሸነፍኩ እንጂ አልተደበቀብኝም።"

ባለሥልጣን በር የሚዘጋው ሊሰርቅ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ቶሎ ለመጨረስ ብሎ ነው። ሆኖም መልካም ውሳኔ እንኳ በስውር ከተወሰነ ባለቤት ያጣል፤ በግልጽ የተወሰነውን ግን የተሸነፈውም ሰው ይሸከመዋል። እኛስ? ጉዳያችን በፊታችን እንዲመከር የምንፈልገውን ያህል፣ ነጋሪቱ ሲጎሰም እንገኛለን?